ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት ፍቺ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ልደታ ክፍለ ከተማ ነው። በ2006 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ተጋባን። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለፈው ወር የሁለታችንም ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። አልሆነም፣ ‹ተፋትታችኋል› ብለው ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ኮንዶሚኒየሙ የባለቤቴ ነው፣ እኔ የቤት ዕቃ ይዤ እወጣለሁ፣ ሴቷ ከሱ ጋር ወንዱ ከኔ ጋር ይሆናል ይላል። እያለቀስኩ ፈረምኩ። ቤቱ በስሙ ነው። የተመዘገበው ሳንጋባ ነው፤ ዕጣው የወጣውና ውል የፈረመው ግን ከተጋባን በኋላ ነው። አሁን ‹በወሩ መጨረሻ ውጪ› እያለኝ ነው። ትዳሬ አብቅቷል ማለት ነው? ልጆቼስ? ጠበቃ የምቀጥርበት ገንዘብ የለኝም።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ትንሽ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። አንቺ አልተፋታሽም። በሕግ ፊት ዛሬም ባለትዳር ነሽ። ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ይሁኑ፣ ወረቀቱ ላይ ስንት ሰው ይፈርም፣ ያ ወረቀት ፍቺ አይሆንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ባልና ሚስትን ማፋታት የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሕጉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይባላል፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። በቤተ ክርስቲያን ብትጋቡ፣ በማዘጋጃ ቤት ብትፈራረሙ፣ በባህል ወግ ብትጋቡ ለዚህ ጉዳይ አንድ ነው። ሙስሊም ባለትዳሮች ሁለቱም ከተስማሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። አንዳቸው ካልፈቀዱ ግን ጉዳዩ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

ሽማግሌዎቹን በክፉ አትያቸው። ብዙዎቹ የሚያውቁት የድሮውን ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች በእርግጥም ያፋቱ ነበር። ንብረትም ያከፋፍሉ ነበር። ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከንብረቱ ሊቀጣ ይችል ነበር። ያ ሥርዓት በ1992 ዓ.ም. ቀርቷል፤ በሰፈርና በቤተ ዘመድ መሀል ግን ዛሬም እንዳለ ይወራል። አሁን የሽማግሌ ሥራ ማስታረቅ ነው። ባይሳካላቸው «አልተሳካልንም» ይላሉ እንጂ «ተፋትታችኋል» ማለት አይችሉም። ደግሞ ከክፍለ ሀገር የመጣ አጎት ካለ፣ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ እንዳላቸው አስታውሺ። እሱ ባለበት አካባቢ የሚሠራው ሁሉ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ስለ ፊርማሽ አውቃለሁ፣ ይህ ነው ሌሊት የሚያባንንሽ። «ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ» ብለው ቢሮዬ መጥተው የሚያለቅሱ ሴቶች ብዙ ናቸው። አላለቀም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 73 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እያሉ በመካከላቸው የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች እኩል ነፃነት ኖሯቸው ላይፈርሙ ይችላሉ። አንዱ ይፈራል፣ አንዱ ይጫናል። ስለዚህ ሕጉ መሀል ላይ ዳኛ አስገባ።

ግን አንድ ነገር ጠንቅቀሽ ስሚኝ። ባለቤትሽ ነገ መጥቶ «ያው ተስማምተናል፣ ፍርድ ቤት ሄደን እናጸድቀው ብቻ» ሊልሽ ይችላል። የምሠጋው ይህንን ነው። የስምምነት ፍቺ የሚባል ነገር በሕጉ አለ። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የፍቺ ውላችሁን ከንብረቱና ከልጆቹ ጉዳይ ጋር ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ። ዳኛው አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግራችኋል። ከልባችሁ መሆኑን፣ ማንም ያላስገደዳችሁ መሆኑን ያጣራል። ካመነበት ያጸድቀዋል። ያ የሽማግሌ ወረቀት በዚህ በር ከገባና አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ «አዎ» ካልሽ፣ ውጤት ያልነበረው ወረቀት ፍርድ ይሆናል። ያን ጊዜ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ ዳኛው ሲጠይቅሽ እውነቱን ተናገሪ። «እያለቀስኩ ነው የፈረምኩት፣ በቤቱም በልጆቹም አልስማማም» በይ። ማፈር የለም። ዳኛው እኮ ለየብቻ የሚያነጋግራችሁ ይህንኑ ለመስማት ነው። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት ወይም የአንዳችሁን ጥቅም በሚገባ ካልጠበቀ፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ራሱ ማስተካከል ይችላል።

ሁለተኛው በር የአንድ ወገን አቤቱታ ነው። ባንቺ ሁኔታ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ መፋታቱን ከልብሽ የምትፈልጊው ከሆነ ማለቴ ነው። (ደብዳቤሽ ላይ ይህንን አልጻፍሽም። ሁሉም ስለፈለገው ነው ወይስ አንቺም ፈልገሽው ነው? ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ስጪው። እሱ ስለቸኮለ አንቺ መቸኮል የለብሽም።) ለመፋታት የግድ «በደለኝ» ብለሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የድሮው ሕግ «ከባድ ምክንያት» እያለ ይመዝን ነበር። አሁን ትዳሩ አልሆነልኝም ማለት ይበቃል። ይልቅ ፍቺውን ያመጣው የአንደኛው ጥፋት ከሆነና ፍትሕ ካስገደደ፣ ፍርድ ቤቱ ያ ሰው ለተጎዳው ወገን ካሳ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል።

አቤቱታው የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ልደታ ላይ ምድብ ችሎት አለው፤ ላንቺ ቅርብ ነው። መዝገብ ይከፈትልሽና ቁጥር ይሰጥሻል። ያንን ቁጥር ስልክሽ ላይም ደብተርሽ ላይም ጻፊው፤ ከዚያ በኋላ የትም መስኮት ስትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። ለባለቤትሽ መጥሪያ ይወጣል። ይደርሰዋል፣ መልስ ይጽፋል፣ ቀጠሮ ይያዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ በምን ልኑር፣ ልጆቹ የት ይሁኑ፣ ቤቱ ውስጥ ማን ይቆይ የሚለው እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ከሁለት አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁም ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ዳኛው ነው። ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና የሁለታችሁን ሁኔታ ያያል። ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ይህን ጥያቄ አይፈታውም።

«በወሩ መጨረሻ ውጪ» የሚለውን አሁን እንደገና አስቢው። እንዲህ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። አንቺ ግን እነዚህን ጊዜያዊ ትዕዛዞች በአቤቱታሽ ላይ በግልጽ መጠየቅ አለብሽ። ውጭ ቁጭ ብለው ማመልከቻ የሚጽፉልሽ ሰዎች «ፍቺ እንዲወሰንልኝ» ብለው በአንድ ገጽ ሊጨርሱት ይችላሉ። አንብቢው። ስለ ልጆቹ ቀለብ፣ ስለ መኖሪያ ቤቱና ስለ ንብረቱ እግድ ካልተጻፈ አስጽፊ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ።

«ቤቱ በስሜ ነው» የሚለው ንግግር በዚህ ከተማ የስንት ሴት አፍ እንዳዘጋ እኔ ነኝ የማውቀው። ሕጉ እንዲህ አይልም። በትዳር ውስጥ በገንዘብ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው። ደመወዝሽ፣ ደመወዙ፣ ከሱቅ የተገኘው፣ ከኪራይ የመጣው ሁሉ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 ደግሞ ይጨምራል፤ በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ ንብረቱ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የማስረዳቱ ሸክም የሱ ነው። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በትዳር ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ ለብቻው የተሰጠ ንብረት ነው።

ታዲያ የናንተ ኮንዶሚኒየም የቱ ጋ ይወድቃል? እሱ «ከጋብቻ በፊት ተመዝግቤያለሁ» ይላል። መመዝገብ ግን ዕጣ ውስጥ መግባት ነው። ቤት አይደለም። ዕጣ የወጣው፣ ውል የተፈረመው፣ ቅድሚያ ክፍያው የተከፈለው፣ የባንክ ብድሩ የጀመረው ተጋብታችሁ ነው። ባልሽኝ ሁኔታ «የጋራ ነው» የሚለው ክርክርሽ ጠንካራ ነው። ውሉ ከሠርጉ በፊት ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን በትዳር ውስጥ ከጋራ ገንዘብ የተከፈለው ክፍያ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ ክርክሩ የቀን ክርክር ነው። የሠርጉ ቀን፣ የውሉ ቀን፣ የክፍያዎቹ ቀን። ሦስቱንም በወረቀት ያዢ። የባንክ ደረሰኝ ካለሽ ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ለምታምኛት እህትሽም ላኪላት። ከምሠራቸው መዝገቦች የብዙዎቹ ዕጣ የሚወሰነው እንዲህ ባለች የደረሰኝ ቁራጭ ነው።

ሌላው ስጋት ቤቱን ቢሸጠውስ የሚለው ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን አንዱ ብቻውን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ ማስያዝ አይችልም። የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳታውቂ ቢያደርገው ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ከ2 ዓመት ሳያልፍ መሆን አለበት። ከማፍረስ ደግሞ መከላከል ይቀላል። አቤቱታው ሲቀርብ እግድ ጠይቂ። ትዕዛዙ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲደርስ ስም ማዛወር ይቆማል። ትዕዛዙ መጻፉ ብቻ ግን አይበቃም። መዝገብ ቤት ተኝቶ ይቀራል። እጅ በእጅ አድርሰሽ የደረሰበትን ማህተም ይዘሽ ተመለሺ።

ክፍፍሉ ላይ መርሁ እኩል ነው። ቤቱ ላይ የቀረ የባንክ ዕዳ ካለ እሱም ይታሰባል። መጀመሪያ በዓይነት ማካፈል ይሞከራል። አንድ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ለሁለት አይቆረጥም። ስለዚህ ወይ አንዳችሁ ቤቱን ይዞ ለሌላው ድርሻውን በገንዘብ ይከፍላል፣ ወይ ተስማምታችሁ ትሸጡታላችሁ። ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጁ ድረስ ባይደርስ ደስ ይለኛል፤ ጊዜ ይበላል፣ ለሁለታችሁም ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነኝ ግን ወደ ሐራጅ የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን እልህ መሆኑ ነው።

ስለ ልጆቹ።

ሽማግሌዎቹ ሴቷን ለሱ፣ ወንዱን ላንቺ አሉ። ልጆች እንደ ዕቃ አይከፋፈሉም። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ከማን ጋር እንደሚኖሩ እንዲወስን ያደርጋል። እህትና ወንድም አብረው ቢያድጉ ይሻላቸዋል የሚለው ክርክርሽ ይደመጣል። አስፈላጊ ሲሆን የማህበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ልጆቹን ሊያነጋግር፣ ቤቱን ሊያይ ይችላል።

ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች አሉ። አንደኛው «ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የግድ የእናት ነው» የሚለው ነው። ይህ ከድሮው ሕግ የቀረ ነው። አሁን ለሁሉም ልጅ መለኪያው የልጁ ጥቅም ነው። ስለዚህ በ4 ዓመቱ ልጅሽ ተማምነሽ ማስረጃ ሳትይዢ እንዳትቀርቢ። ማን ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፣ ሲታመም ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ ይህ ሁሉ ይነገር። ሁለተኛው ወሬ «ገቢሽ ትንሽ ስለሆነ ልጆቹን አታገኚም» የሚለው ነው። ገቢ አንዱ ሚዛን ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ገቢ ያለው አባት ቀለብ ይቆርጣል። ሕጉ ይህን ያህል በመቶ ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም። የልጆቹ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ይመዘናል። ስለዚህ የወር ወጪያቸውን በዝርዝር ጻፊ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ታክሲ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምና። የባለቤትሽ የደመወዝ መጠን ከመሥሪያ ቤቱ ተጠይቆ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ማሳዘዝ ትችያለሽ። ሁኔታው ሲለወጥ ቀለቡም እንዲሻሻል ይጠየቃል።

ልጆቹ ካንቺ ጋር ቢሆኑ እሱ የሚያገኛቸው ቀን ይወሰንለታል። ያንን ቀን አክብሪለት። በንዴት ልጅ የሚደብቁ እናቶች አይቻለሁ። ለራሳቸው ጉዳይ አልጠቀማቸውም፤ ልጆቹ ግን ተጎዱበት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ዳኛው መጀመሪያ ያነጋግራችኋል፣ እንድትታረቁ ይሞክራል። እናንተ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ሊልካችሁም ይችላል። ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥም ይችላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰ ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካበቃ በ1 ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት። የሚረዝመው የንብረቱ ክርክር ነው። ብዙ ጊዜ ፍቺው ቀድሞ ይወሰናል፣ ንብረቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ፍርድ ቤት እረፍት ላይ መሆኑንም አስቢበት፤ በዚያ ጊዜ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ራስሽ ቆመሽ መከራከር ትችያለሽ። የዳኝነት ክፍያው ካቃተሽ «በደሃ ደንብ» እንድትከራከሪ ማመልከት ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ላንቺ ዓይነት ሴቶች ነፃ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። ወረቀቶችሽን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን ፈልጊ። እሱ ደብቆት ከሆነ ከሰጠሽ አካል ቅጂ ጠይቂ። ጭራሽ ቢጠፋ እንኳ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን የሚያውቁ 4 ሰዎች መስክረው ጋብቻው ሊረጋገጥ ይችላል። ከዚያ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ስለ ቤቱ ያለሽ ማንኛውም ነገር፣ እና ያ የሽማግሌ ወረቀት ቅጂ። አዎ፣ እሱንም ያዢ። በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተጻፈ ራሱ ይናገራል።

ፍቺው ሲወሰን የውሳኔውን ግልባጭ ወረዳ ወስደሽ አስመዝግቢና የፍቺ ምስክር ወረቀት አውጪ። ያለሱ መታወቂያሽ ላይ «ያገባ» እንደተባልሽ ትቆያለሽ። ወደፊት ሌላ ትዳር ብታስቢ ለሴት 180 ቀን የመቆያ ጊዜ አለ፤ እርጉዝ አለመሆንሽ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ይቀራል። አሁን ይህ ላንቺ ሩቅ ነው፣ ይለፈን።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ እኔ ግን ልጠይቅሽ። ይመታሻል? ከመታሽ ወይም እንዳይመታሽ ከፈራሽ «ቤቱን ከለቀቅኩ መብቴን አጣለሁ» ብለሽ አትቆዪ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ፣ የሐኪም ማስረጃ ያዢ። ከቤቱ ያለሽ ድርሻ እህትሽ ቤት ብታድሪም ያው ግማሽ ነው።